ኮከብ በትከሻ፣ ኮከብ በደጃፍ

በኢትዮጵያ «ኮከብ ቈጣሪ» ሲባል የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ፣ በዐሥራ ሁለት ገድፎ ዕጣ ክፍሉን የሚናገር ሰው ማለት ነው። ባልና ሚስትም ተስማምተው ሲኖሩ «ኮከባቸው ገጥሟል» ይባልላቸዋል። በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ሌላ ዐይነት የኮከብ ቈጠራ ወደ አገሩ ገባ። ይኸውም በመኰንን ትከሻ ላይ ያለውን ኮከብ ቈጥሮ ማን ለማን ሰላምታ እንደሚሰጥ ማወቅ፣ በሆቴል ደጃፍ ላይ የተለጠፈውንም ቈጥሮ የአዳሩን ዋጋ አስቀድሞ መገመት ነው። ምልክቱ አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ሆቴሉ ማዕረጉን ከጄኔራሉ የተዋሰ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ እንዲያውም የዘመኑ ቅደም ተከተል ሲታይ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ከአሜሪካው ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል በ32 ዓመት ይቀድማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የጦሩ ኮከብ የተወለደው ከችግር ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1775 የአሜሪካንን የነጻነት ጦር በአዛዥነት ሲረከቡ ያገኙት ሠራዊት አብዛኛው የደንብ ልብስ የሌለው የገጠር ክተት ነበር። ከየቀዬው የተሰበሰበው ዘማች አዛዡን በመልክ ስለማያውቀው፣ ዘበኛው ጄኔራሉን እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ሊያስቆመው ይችል ነበር። ስለዚህ ዋሽንግተን በመጀመሪያ ማዕረግ በጥብጣብ ቀለም እንዲለይ አዘዙ፤ እርሳቸውም ሰማያዊ ጥብጣብ በደረታቸው ላይ አገደሙ። በጁን 1780 በወጣው ትእዛዝ ደግሞ ሜጀር ጄኔራል በየትከሻው ሁለት ሁለት፣ ብርጋዴር ጄኔራል አንድ አንድ ኮከብ እንዲያደርግ ተወሰነ። እንግዲህ ኮከቡ ሲጀመር ከጌጥነቱ ይልቅ መታወቂያነቱ ያመዝን ነበር።

ይሁን እንጂ ኮከብ በራሱ አንደበት የለውም፤ የሚናገረው ያደረገው አገር የሰጠውን ትርጓሜ ብቻ ነው። በፈረንሳይ ከጄኔራሎች ሁሉ ታናሹ ሁለት ኮከብ ያደርጋል። ምክንያቱም አንድ ኮከብ ይደረግበት የነበረው ማዕረግ በ1788 ስለ ተሻረ ቈጠራው ከሁለት እንደ ጀመረ ቀረ። ጄኔራል ደጎል በ1940 ባገኙት ጊዜያዊ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ እነዚህኑ ሁለት ኮከቦች እንዳደረጉ ኖሩ። የአገር መሪ ሆነው ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራሎችን ሲያዝዙ እንኳ ሦስተኛ ኮከብ አልጨመሩም። በሩሲያ ደግሞ ኮከብ ከ1827 ጀምሮ በትከሻ ላይ ሲደረግ ሜጀር ጄኔራል ሁለት፣ ሌተና ጄኔራል ሦስት ሲኖረው፣ ከሁሉ በላይ የሆነው ሙሉ ጄኔራል አንድም አልነበረውም። የወርቅ ጥልፉ ያለ ኮከብ ባዶውን ይታይ ነበር። በዚያ ሥርዐት ኮከብ የሚያመለክተው ገና ያልሞላውን ማዕረግ ነበር ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከ1902 ጀምሮ አንድ ኮከብ የመኰንኖች ሁሉ መጨረሻ የሆነው የምክትል መቶ አለቃ ምልክት ነው። እንግዲህ የለንደንና የዋሽንግተን መኰንኖች እያንዳንዳቸው አንድ ኮከብ አድርገው በአንድ አዳራሽ ቢገናኙ፣ አንዱ ትናንት ከጦር ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት፣ ሌላው የብዙ ሺህ ሰው አዛዥ ሊሆን ነው።

የኢትዮጵያ የቀድሞ የማዕረግ ሥርዐት ኮከብ አላስፈለገውም፤ ስሙ ራሱ ይናገር ነበርና። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ መሰለፋቸው፣ አምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃና ሻለቃም የሚመሩት የሰው ብዛት ከስማቸው ይታወቃል። በሰልፍ ላይ ለምድና የአንበሳ ጐፈር፣ በግዛት ላይ ነጋሪት የሹሙን ታላቅነት ይገልጹ ነበር። ዘመናዊው ጦር ሲደራጅ፣ በተለይም ከ1941 ነጻነት በኋላ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ሥልጠናውን ሲይዝ፣ ኮከቡም በእንግሊዙ ሥርዐት ገባ፤ ለምክትል መቶ አለቃ አንድ፣ ለመቶ አለቃ ሁለት፣ ለሻምበል ሦስት ሆነ። በመቶ ሰው የተሰየመው አሮጌ ስም በዚህ ዐይነት ከሁለት ኮከብ ጋር ተጋባ፤ ጋብቻውም እስከ ዛሬ ሳይፈርስ ቈይቷል። ኮከብ ሥልጣንን ሁልጊዜ እንደማይለካም ይኸው አገር አይቷል። ከ1977 እስከ 1991 ኢትዮጵያን የመሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሌተና ኮሎኔልነት ሳያልፉ ጄኔራሎችን ሲሾሙና ሲሽሩ ኖረዋል።

አምስተኛው ኮከብ የመጣው ከመፎካከር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጄኔራሎች ከእንግሊዝ ፊልድ ማርሻሎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ፣ የሚያዝዙት ጦር እየበዛ ማዕረጋቸው ግን ያንስ ነበር። ስለዚህ በዲሴምበር 1944 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ባለ አምስት ኮከብ ማዕረግ ተፈጠረ፤ በዚያው ወር ጆርጅ ማርሻል፣ ዳግላስ ማካርተር፣ ድዋይት አይዘንሃወርና ሄንሪ አርኖልድ ከምድር ጦር ተሾሙበት። ማዕረጉ «ማርሻል» ያልተባለው ጆርጅ ማርሻል «ማርሻል ማርሻል» ተብለው እንዳይጠሩ ነው እየተባለም በቀልድ ይነገራል።

የሆቴሉ ኮከብ ከሰልፍ ሜዳ ሳይሆን ከመንገደኛ መጽሐፍና ከመጠጥ ጠርሙስ የመጣ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማሪያና ስታርክ የተባሉ እንግሊዛዊት ጸሐፊ ለመንገደኞች ባዘጋጁት መጽሐፍ፣ ሊታዩ ይገባቸዋል ያሏቸውን ሥዕሎች በትእምርተ አንክሮ ብዛት ይለዩ ነበር። ጀርመናዊው አሳታሚ ካርል ቤዴከር በ1840ዎቹ ይህን ልማድ ወደ ኮከብ ለወጠው። የኮኛክ ነጋዴዎችም በበኩላቸው የመጠጡን ዕድሜ በጠርሙሱ ላይ በኮከብ ማመልከት ጀምረው ነበር፤ የሄነሲ ቤት ይህን ያደረገው በ1865 ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ወደ ሆቴል ያመጡት የመኪና ባለቤቶች ናቸው። በ1905 በእንግሊዝ የተቋቋመው የአውቶሞቢል ማኅበር የመጀመሪያ ሥራው ፖሊሶች ፈጣን አሽከርካሪዎችን ለመያዝ የት እንዳደፈጡ ለአባሎቹ ማስጠንቀቅ ነበር፤ ለአንድ የተከበረ ማኅበር እንግዳ የሆነ ጅምር መሆኑ አይካድም። መኪናው መንገደኛውን ከባቡር ጣቢያ አርቆ ወደማያውቀው ከተማ ሲወስደው ግን፣ ማታ የት እንደሚያድር መጨነቁ አልቀረም። ማኅበሩም በ1912 ሆቴሎችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መደበ። ሐሳቡን ያመነጩት ዋና ጸሐፊው ስቴንሰን ኩክ ቀድሞ የመጠጥ ሻጭ ነበሩና ኮከቡን የወሰዱት ከኮኛኩ ጠርሙስ ነው። በዚያን ጊዜ አምስት ኮከብ ያደረገ አንድም የአሜሪካ ጄኔራል አልነበረም።

በዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ የሚደባለቅ ሌላ ኮከብ አለ። የፈረንሳዩ የጎማ ፋብሪካ ሚሽላን በ1900 የመንገድ መምሪያውን በነጻ ያደለው ሰው ብዙ በነዳ ቍጥር ጎማው ስለሚያልቅ ነው፤ በ1926 ለመልካም ምግብ ቤት ኮከብ መስጠት ጀመረ፣ በ1931 ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ደረጃ አወጣለት። ይህ ኮከብ የሚመዝነው ሳሕኑን እንጂ አልጋውን አይደለም። ስለዚህ ሦስት ኮከብ ያለው ወጥ ቤት ከሁሉ የበላይ ሲሆን፣ ሦስት ኮከብ ያለው ሆቴል መካከለኛ ነው።

የሆቴሉ ኮከብ በአብዛኛው የሚቈጥረው ሊቈጠር የሚችለውን ነገር ነው፤ የክፍሉን ስፋት፣ አሳንሰሩን፣ የግል መታጠቢያውን፣ የእንግዳ መቀበያው ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት። ሌሊት ደክሞት የመጣ እንግዳ በምን ዐይነት ፊት እንደሚቀበሉት ግን በሜትር አይለካም፤ የዚህ ሙያ ሰዎች የዘወትር ቅሬታም ይኸው ነው። ያረጀ ቤት አሳንሰር የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ብቻ፣ አርባ ዓመት እንግዳውን በስሙ እየጠራ ሲያስተናግድ ኖሮም ኮከብ ሊያጣ ይችላል። ሚዛኑም በየአገሩ ይለያያል። በፈረንሳይ ሕግ እስከ 2009 ድረስ አምስት ኮከብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጨረሻው «አራት ኮከብ የቅንጦት» ይባል ነበር። የአውሮፓ ሆቴሎችን በአንድ ሚዛን ለመመዘን ሰባት አገሮች የተባበሩትም በዚያው ዓመት ነው። በ1999 የተከፈተው የዱባዩ ቡርጅ አል ዐረብ በሰው ሁሉ አፍ «ባለ ሰባት ኮከብ» ቢባልም፣ ስሙን ያወጡለት ጋዜጠኞች ናቸው፤ የሚታወቅለት ደረጃ አምስት ነው። በኢትዮጵያም የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች ጋር ሆቴሎችን መርምሮ ኮከብ መደልደል የጀመረው በ2015 ነው።

ኮከብ ሰጪው ነሺም መሆኑ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። በፈረንሳይ ሶልየ በምትባል ትንሽ ከተማ ሆቴልና ምግብ ቤት የነበራቸው በርናር ልዋዞ ሦስተኛውን የሚሽላን ኮከብ ያገኙት በ1991 ነው። ለቤቱ ማደሻ ብዙ ብድር ነበረባቸው። በ2003 መጀመሪያ ሌላ መምሪያ መጽሐፍ ነጥባቸውን ከ19 ወደ 17 ዝቅ ሲያደርግ፣ ጋዜጦች ኮከባቸውም አደጋ ላይ ነው ብለው ጻፉ፤ በፌብሩዋሪም ራሳቸውን አጠፉ። ኮከቡ ግን አልተነካም ነበር፤ በዚያ ዓመት በወጣው መምሪያ ላይ ሦስቱም እንዳሉ ናቸው።

የጄኔራሉ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። የአሜሪካ ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራሎች በሕግ ጡረታ የማይወጡ ስለሆነ ማዕረጋቸውን ይዘው እስከ ዕለተ ሞታቸው በሥራ ላይ እንዳሉ ይቈጠሩ ነበር። የመጨረሻው ኦማር ብራድሌይ በ1950 ተሾመው በ1981 ሞቱ፤ ከእርሳቸው ወዲህ አምስት ኮከብ ያደረገ አልተሾመም። በፈረንሳይ ለሆቴል የሚሰጥ ኮከብ ግን በአምስት ዓመቱ ያበቃል፤ የሚፈልገው ባለቤት ቤቱን እንደ ገና ማስመርመር አለበት።