የእንዶድ አረፋ

ደሴ ፒያሳ ከሚገኙ የመዋቢያ ሱቆች በአንዱ መስኮት ላይ ሰሞኑን አንድ ክሬም አየሁ። ከባሕር አረም የተሠራ ነው ይላል። አረንጓዴውን የባሕር አረም ጃፓኖች ከድሮም ይበሉታል፤ የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ ኡልቫን የሚባል ከስኳር ወገን የሆነ ንጥረ ነገር እያወጡ፣ ቆዳ ያለሰልስ ይሆን፣ ቁስል ያድን ይሆን እያሉ ይፈትሹታል። ደግ አደረጉ። ደሴ ግን ባሕር የላትም። በጣልያን ዘመን የተሠራው መንገድ ከኮምቦልቻ አሰብ ድረስ ቢያደርስም፣ ከ1993 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወዲህ ባሕሩ የጎረቤት ሆኗል። እኔን ክሬሙ ያስታወሰኝ ከባሕር ርቆ፣ በየአጥራችን ላይ የሚንጠላጠለውን እንዶድ ነው።

እንዶድን የማያውቅ የወሎ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና ይኩረፈረፋል። አጃክስና ኦሞ ሳይመጡ ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእሱ ነበር፤ እስካሁንም ለነጭ ልብስ ከሳሙና የሚያስበልጡት እናቶች አሉ። ለቆረቆርና ለፎረፎር ራስ ታጥቦበታል። ለውሻ በሽታ ተጠጥቷል። ፅንስ ለማስወረድም ተጠጥቶ ስንቷን ሴት ቀብሯል። ሳሙናም መርዝም መሆኑን ለማወቅ እንግዲህ አያቶቻችን ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም።

ላቦራቶሪው የመጣው በ1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካ ተምረው በተመለሱ ማግሥት፣ አድዋ ላይ ቢልሀርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈው አገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን ከላይ በኩል፣ በሕይወት ያሉት ላይ እንድትጨምር ለመኗት። ጨመረች፤ ሞቱ። ወንዝ ዳር የተሠራ ሙከራ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ከሚገኘው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ጋር ሆነው ገዳዩን ንጥረ ነገር ለዩት፤ በአባታቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። ወገኑ ሳፖኒን ነው፣ አረፋ ሰሪ እንደማለት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደስ የሚለኝ ነገር ስላለ ነው። የተወቀጠው ፍሬ ውኃ ሲነካው፣ በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከንጥረ ነገሩ ላይ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳይነቱ የሚነቃው ያኔ ነው። በአልኮል ዘፍዝፎ የሚያወጣ ኬሚስት ይህን ኃይል ሊያጣው ይችላል። ትክክለኛው ዘዴ ሙቀጫና ውኃ ነበር፤ ማለትም የአጣቢዎቹ ዘዴ።

ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ውስጥ ወንዙ በእንዶድ ታከመ። ገና ነፍስ ካላወቁት ሕፃናት ከመቶ 50ው በሽታው ነበረባቸው፤ በአምስት ዓመት ቁጥሩ ወደ 7 ወረደ። ሌላ የሥራ ባልደረባቸው፣ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ፣ ምርታማውንና ኃይለኛውን ዘር መርጠው 44 ቁጥር ሰጡት። ሁለቱ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተካፈሉ።

ታዲያ ምን ሆነ? የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ሳይቀበል ዓመታት አለፉ። አፍሪካ ውስጥ የተሠራ የመርዛማነት ፍተሻ አይበቃም፣ ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ ይደገም ተባለ፤ ለማስደገሚያውም ገንዘብ የሚሰጥ ጠፋ። በመጨረሻ በካናዳ ድጋፍ ተደገመ፣ ለሰው የሚያሰጋ ነገር ብዙም አልተገኘበትም፤ ዓይን ማቃጠሉን ደግሞ ማንም አጣቢ ታውቀዋለች። ያን ጊዜ ግን ገበያው ተይዞ ነበር። ባየር የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ቀንድ አውጣ ገዳዩ ቤይሉሳይድ ነበረው፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒንም ከዚያው ቤት ወጣ።

"ነጮቹ ቀሙን" ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ፍሬው በብዛት መመረት አለበት፣ በየወቅቱ ወቅጦ ውኃው ላይ የሚጨምር ሰው ይፈልጋል። ክኒኑ ደግሞ በእርግጥ ያድናል። ይሁንና በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ፣ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ የዛጎል ተባይ እዚያ ሐይቆች ውስጥ መራባቱን ሰሙ፤ እንዶድ ተሞከረ፣ ገደለው፣ የፈጠራ መብቱንም ዩኒቨርሲቲው አስመዘገበ። ለአሜሪካ ቧንቧ ሲሆን ጉዳዩ ብዙ አልዘገየም። ይሄ ነው የሚያንገበግበው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቀንድ አውጣው ሞቅ ያለ ውኃ ስለሚወድ የደሴ ብርድ እምብዛም አይመቸውም። ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል። ቦርከና የሁለቱን ከተሞች ቆሻሻና የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ልብስም ይታጠብበታል፣ ልጅም ይዋኝበታል። ከደሴ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ሐይቅ ከተማ በ2015 አዲስ የቢልሀርዝያ መገኛ ሆና በጥናት ታትማ ወጣች። ጥናቱን ከሠሩት ሰዎች መካከል ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋም የመጣ ይገኝበታል። ያ ተቋም በ1966 የተቋቋመው በዶክተር አክሊሉ ነው፤ በ1997 ካረፉ በኋላ ደግሞ ስማቸውን ይዟል።

ክኒኑን በየትምህርት ቤቱ የማደል አገር አቀፍ ዘመቻም በዚያው በ2015 ተጀመረ። ክኒኑ የሚገድለው ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ነው፤ ቀንድ አውጣውን አይነካውም፣ ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይገባል። እናቱ እዚያው ዳር ላይ በአጃክስ ታጥባለች። እንዶዱ በዚህ ዓመትም አጥሩ ላይ አፍርቷል፤ የሚለቅመው ካልተገኘ ወፍ ይበላዋል።