ነርሲስ ናልባንዲያን፦ የትልቁ ባንድ መሪና አቀናባሪ

ነርሲስ ናልባንዲያን (1907–1970 ዓ.ም.) በአቀናባሪነት፣ በባንድ መሪነትና በመምህርነት ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱ ትውልደ አርመናዊ ባለሙያ ናቸው። በትራምፔት፣ በትሮምቦንና በሳክስፎን ክፍሎች የሚዋቀረው ትልቁ ባንድ በአዲስ አበባ ሥር እንዲሰድ ካደረጉ ባለሙያዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ይህ ጽሑፍ የሥራ ሕይወታቸውንና የሙያቸውን ጠባይ ያቀርባል፤ እንዲሁም የሙዚቃ ቅንብር በሕግ ስላለው ጥበቃና ስለ ኖታ አያያዝ አጭር ማብራሪያ ይሰጣል። ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነሐስ መሣሪያዎች አመጣጥ

የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች በኢትዮጵያ በስፋት መታወቅ የጀመሩት ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት በስጦታ ከተላኩት ጋር ተያይዞ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚሁ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመን ገዳም ይኖሩ የነበሩ 40 ወላጅ አልባ ወጣቶች ያቋቋሙትን የማርሽ ባንድ ተመልክተው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። እነዚህ ወጣቶች «አርባ ልጆች» በሚል ስም ይታወቃሉ።

የባንዱ መሪ የነርሲስ አጎት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱለትንና በ1923 ዓ.ም. በተከናወነው የንግሥ በዓል የተሰማውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ ሰው ናቸው።

የሥራ ዘመን

ነርሲስ በአይንታብ ተወልደው በሶርያ ሐለብ ከተማ ያደጉ ሲሆን፣ በ1930 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን የመምራት ኃላፊነት ከአጎታቸው ተረከቡ። ኋላ በሳክስፎን ፉከራና ሽለላ በማሰማት ስመ ጥር የሆኑት ጌታቸው መኩሪያ የሙያ ሕይወታቸውን የጀመሩት በዚሁ ባንድ ውስጥ ነው።

የንግሥ ኢዮቤልዩ በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሥራ ጀመረ። ናልባንዲያን ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር በኋላ የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ መርተዋል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል።

በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተ ጊዜ ለዚሁ ታሪካዊ ጉባኤ መዝሙር ደርሰዋል። ጉባኤው የተካሄደበት የአፍሪካ አዳራሽ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስና ከኡራኤል አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል።

የቅንብር ሙያ ምንነት

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዜማ የሚመሠረተው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በተባሉት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ላይ ነው። ዘፋኙም መሣሪያውም በመሠረቱ አንድን ዜማ ይከተላሉ። የምዕራባውያን የስምምነት ስልት ግን በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ልዩ ልዩ ድምፆችን ያቀናጃል። አቀናባሪው ከቅኝቱ ውጭ የሆኑ ድምፆችን ያለ ጥንቃቄ ቢጨምር የዜማው ጠባይ ይለወጣል፤ ምንም ባይጨምር ደግሞ ብዙ መሣሪያ የያዘው ባንድ አንድ ድምፅ ብቻ ያሰማል። የናልባንዲያን ሙያ የተፈተነው በእነዚህ ሁለት ችግሮች መካከል ነው።

በትልቅ ባንድ አሠራር ሳክስፎኖች ዜማውን ሲይዙ ትራምፔቶች ይመልሳሉ፤ ትሮምቦኖች ከሥር ይደግፋሉ። ይህም አውጪና ተቀባይን ለለመደ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ክፍል ከኖታ አንብቦ መጫወት ስለሚኖርበት ባንድ መምራት ማስተማርንም ይጠይቅ ነበር።

የዘመን ለውጥ

አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባን ሲጎበኝና ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሲቀበል፣ ከተማዋ የትልቅ ባንድ ሙዚቃን ከለመደች ቆይታ ነበር። ሆኖም በዚያው ዘመን የሆቴልና የምሽት ክበብ ትንንሽ ባንዶች እየበረከቱ ሄዱ። ከአብዮቱ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ገደብም የምሽቱን ሙዚቃ ክፉኛ ጎዳ። ናልባንዲያን በ1970 ዓ.ም. አረፉ። ከጊዜ በኋላ መቀመጫውን ቦስተን ያደረገው አይዘር ኦርኬስትራ ሥራዎቻቸውን እንደገና ተጫውቷል። ይህ ሊሆን የቻለው ሥራዎቹ በወረቀት ላይ ተጽፈው በመቆየታቸው ነው።

የአቀናባሪ መብት

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ቅንብርን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ይጠብቃል። በመሆኑም፦

• አንድን ነባር ዜማ ያቀናበረ ባለሙያ በቅንብሩ ላይ መብት አለው፤ ይህም የዜማውን ደራሲ መብት አይነካም።
• ጥበቃው የሚገኘው ሥራው ወጥ ሆኖ በኖታ፣ በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ ሲቀረጽ ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።
• የኢኮኖሚ መብቱ በመርሕ ደረጃ ባለቤቱ በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል፤ ወደ ወራሾችም ይተላለፋል።

መብታቸውን የሚመለከት ጥያቄ ያላቸው ባለሙያዎችና ወራሾች ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላሉ።

ኖታ በእጃቸው ላለ ቤተሰቦች

የትልቅ ባንድ ቅንብር በአንድ ገጽ የሚያልቅ ሳይሆን ለየመሣሪያው የተጻፉ ክፍሎች ስብስብ ነው። ከመካከላቸው የአንዱ ትራምፔት ክፍል ቢጠፋ ሥራው ሙሉ ሆኖ ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ የቀድሞ የባንድ አባላት ቤተሰቦች የሚከተለውን እንዲያደርጉ ይመከራል።

• የአንድ ሥራ ክፍሎችን ሳይበታትኑ በአንድ አቃፊ ማስቀመጥ፤
• የሥራውን ርእስ፣ የአቀናባሪውን ስምና የባንዱን መጠሪያ በአቃፊው ላይ መጻፍ፤
• ወረቀቱን ከእርጥበትና ከፀሐይ መከላከል፣ በፕላስተር አለመለጠፍ፤
• ዋናውን ከማዋስ ይልቅ ፎቶ አንሥቶ ቅጂውን መስጠት፤
• ኖታውን በቋሚነት ለማስቀመጥ ወይም ለማስረከብ ሲያስቡ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎትን ማማከር።