ጋብቻ ወንጀልን ይሽራልን? የጠለፋ ሕጋችን አጭር ታሪክ

በብዙ የአገራችን ክፍሎች ጠለፋ ለረጅም ዘመን እንደ አንድ የጋብቻ መንገድ ሲታይ ኖሯል። ጠላፊው ግብረ አበሮቹን አስከትሎ ልጃገረዲቱን ከውኃ መንገድ ወይም ከገበያ መልስ ይነጥቃል፤ ከደፈራት በኋላ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ የሚመክሩት ስለ ልጅቱ ጉዳት ሳይሆን ስለ ቤተሰቡ ክብርና ስለ ካሣው ነበር። ደም እንዳይፈስ ተብሎ፣ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ዕርቅ ይወርዳል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን እስከ 3 ዓመት፣ አስገድዶ መድፈርን እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣ ነበር። ይሁን እንጂ ቁጥር 558 እና ቁጥር 599 አንድ በር ክፍት ትተዋል። ተበዳይዋ በነጻ ፈቃዷ በዳይዋን ካገባች፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ አይቀርብም። ይህ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በጣሊያንም ተመሳሳይ ድንጋጌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1981 ጸንቶ ቆይቷል። ነገር ግን በጠላፊዋ ቤት ተዘግታ የሰነበተች ልጅ «እሺ» ብትል፣ ይህ እንዴት ነጻ ፈቃድ ሊባል ይችላል?

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ተደነገገ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ በአርሲ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏ ነው ሲል በነጻ አሰናበታት። ጉዳዩ አገር ያነጋገረ ነበር። በመጨረሻም ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 በሩን ዘጋ። የጠለፋ ቅጣት ከ3 እስከ 10 ዓመት ሆነ፤ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከቅጣት አያድንም።

ሕጉ ተለወጠ፤ የሽማግሌው ምክር ግን አብሮ አልተለወጠም። ጎረቤት ካልመሰከረ፣ ወላጅም ዕርቅን ከመረጠ አንቀጹ ከወረቀት አያልፍም። ስለዚህ እኛ መምህራን አንዲት ተማሪ ስትጠፋብን ከስሟ ፊት «ቀሪ» ብለን ጽፈን ማለፍ አይገባንም፤ በዚያው ቀን መጠየቅ ይኖርብናል። ወንዶች ተማሪዎቻችንም ጠለፋ ጀግንነት ሳይሆን ወንጀል መሆኑን አስቀድመው ከእኛ ይስሙ።