ከነገሌ የውሃ ጉድጓድ እስከ ዋሽንግተን ታክሲ

ነገሌ ቦረና በደረስኩ ማግስት፣ ፀሐዩ በረድ እስኪል ድረስ ከአንዲት ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። የግመል ወተት የገባበት ሻይ ቀርቦልኛል። የሻይ ቤቷ አሳላፊ ልጅ ድምፁ ጎላ እንዲልለት ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ አንድ የአኮርዲዮን ዜማ ከፈተ። ወዲያው አወቅሁት፤ የኃይሉ መርጊያ ጣቶች ነበሩ።

«ማን ነው የሚጫወተው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ የድሮ ነው» አለኝ።

ነገሌ የወሰደኝ ሙዚቃ አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. ወታደሮች ያመፁበትን ከተማ በዓይኔ ለማየት ነበር የሄድኩት። ነገሩን ብዙ አንባብያን ያውቁታል። እዚያ የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ ምግቡ የማይበላ፣ ውሃው የማይጠጣ ሆኖበት ነበር። የወታደሮቹ ፓምፕ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ጥር 4 ቀን አለቆቻቸውን ያዙ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የተላኩትን ሌፍተናንት ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም እዚያው አስቀርተው የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው።

በቆላ አገር ውሃ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ለቦረና ሰው አይነገረውም። ወደ ዱብሉቅ ወረድ ሲሉ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ከብት ያጠጣሉ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ በተራና በሕግ የተወሰነ ነው። በዚህ አገር ነበር መኮንኑ ወታደሩን ከጉድጓድ የከለከለው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የነገሌው ነገር መጀመሪያ የአንድ ሩቅ የጦር ሰፈር ጠብ መሰለ። ወሬው ግን ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ዞረ፤ የካቲት ላይ ደብረ ዘይትና አሥመራ ተከተሉ። መምህሩ፣ ተማሪው፣ ባለታክሲው ሁሉ ተነሣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አብዮቱን ነገሌ ብቻዋን አመጣችው ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ክብሪት ግን የተጫረው እዚህ ነው።

ከአብዮቱ ጋር የሰዓት እላፊ መጣ። የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ።

ዋልያስ ባንድ የኖረው በዚያ የተዘጋ ሌሊት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ነበሩ፤ መለከቱም ደመወዙም የመንግሥት። ዋልያዎች ግን በራሳቸው መሣሪያ የሚሠሩ የግል ባንድ ነበሩ። ኦርጋኑን የያዘው ኃይሉ መርጊያ ሲሆን፣ እሱም በአሥራ አራት ዓመቱ ሠራዊቱ ውስጥ ገብቶ ነበር ሙዚቃን የጀመረው። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወቱ። በሰዓት እላፊው ዘመን ታዳሚው ማታ ከገባ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ያለበት ሙዚቀኛ የሚያውቀው ዜማ ሁሉ ያልቅበታል፤ ስለዚህ አምባሰልን ከፈንክ፣ ትዝታን ከጃዝ ያዋህዳል። ግጥም በሳንሱር ያልፋል፤ ግጥም የሌለው ዜማ ላይ ግን መርማሪው ምኑን ይሰርዛል? «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኝበት፣ ሙላቱ አስታጥቄም የተሳተፈበት «ቼ በለው» በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው በዚህ ሁኔታ ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በየከተማው ሊያያቸው የመጣው በአብዛኛው ስደተኛው ወገናቸው ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያን፣ ግርማ በየነንና ሞገስ ሀብቴን ጨምሮ አራቱ እዚያው ቀሩ። ዋልያስ እንደዚያ ለሁለት ተከፈለ። የቀሩት ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው ሞከሩ፤ ብዙ አልዘለቀም።

እዚህ ላይ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ማነፃፀር ይጠቅማል። በ1993 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኤዥያን ደብ ፋውንዴሽን የሚባል ባንድ ተመሠረተ። ወላጆቻቸው ከሕንድና ከአካባቢው አገሮች የመጡ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ምት ከሮክ ጊታርና ከጃማይካ ደብ ጋር ቀላቀሉ። ቅልቅሉ ለእነሱ የማንነት ጥያቄያቸው ነበር፤ «እኛም የዚህ ከተማ ልጆች ነን» ለማለት ይጠቅማቸው ነበር። የኛዎቹ ግን ቅልቅላቸውን የጨረሱት አገር ቤት ነው። ዋሽንግተን ሲደርሱ ወገናቸው የሚፈልገው አዲስ ነገር ሳይሆን የተወውን አገር ነበር፤ ፈረንጁ ደግሞ ገና አልሰማቸውም። አዲስ አበባን ያስጨፈረ ዘመናዊነት በስደት ናፍቆት ብቻ ሆነ። እንደኔ እንደኔ ባንዱን የገደለው የሰዓት እላፊው ብቻ አይደለም፤ ይሄ ጭምር ነው።

ኃይሉ በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የልጅነት አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ። ከ1991 እ.ኤ.አ. በኋላ መድረክ ትቶ በዋሽንግተኑ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ግርማ በየነም ነዳጅ ማደያ ሠርቷል።

ያን ካሴት ያዳነው ባለቤቱ አልነበረም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ግርማም በ2017 እ.ኤ.አ. አካሌ ውቤ ከተባለ የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም ሠራ። ደስ የሚል ፍጻሜ ነው፤ ግን ሒሳቡ አይዘጋም። በጉልምስና ዘመኑ መሪው የያዘው ጊዜ የማንም አይደለም፤ የእኛም ነበር። ስንት ዜማ ሳይሠራ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል?

ልጁ ስልኩን ከብርጭቆው ሲያወጣ የሙዚቀኛውን ስም ነገርኩት፤ ይህ ሰው አሜሪካ ታክሲ ይነዳ እንደነበርም ጨምሬ አወጋሁት።

«ይህን እያወቀ ታክሲ?» አለኝ።

የአራተኛ ብርጌድን ወታደሮችና የጉድጓዱን ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና ሁለተኛ ሻይ አመጣልኝ። ዜማውን ግን ከመጀመሪያው ደግሞ ከፈተው።