ለክፉ ቀን የሚታመን ቃል

መንግሥት ለክፉ ቀን ያዘጋጀውን ዕቅድ ሕዝብ በምን ያምነዋል? ጎተራ መሙላቱ፣ መድኃኒት መከማቸቱ፣ መኪና መሰናዳቱ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አደጋው መጣ ብሎ መናገር የሚገባው ዝም ካለ፣ ወይም ተናግሮ የሚሰማው ካጣ፣ ጎተራው እንደ ተቆለፈ ይቀራል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን በአገራችን ላይ ከደረሰው ተመልከት።

በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ዝናም ጠፍቶ አዝመራው ደረቀ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ከዚያም ቤቱን ጥሎ በአውራ ጎዳናው ዳር ወደቀ። ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ የተነሡትንም ፖሊስ መለሳቸው። ወሬው ለሹማምንቱ ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም፤ የመንግሥቱ ስም እንዳይጐድፍ ተብሎ ተሸሸገ እንጂ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለአዲስ አበባ ሰው ቀረበ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ስምን ለመጠበቅ የተሸሸገው ነገር ከስም አልፎ ዙፋንን ወሰደ።

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያው በ1966 ዓ.ም. ነው። ረኃብ ሳይደርስ ማወቅና ማስታወቅ ከሥራው አንዱ ሆነ። በእርግጥም በ1976 ዓ.ም. ታላቅ ረኃብ እየመጣ መሆኑን ገልጦ ለጋሾችን ተማጠነ። መንግሥት ግን በዚያ ጊዜ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በዓልና የሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታን ያሰናዳ ነበር፤ ለጋሾቹም ቢሆኑ እጃቸውን ለመዘርጋት ዘገዩ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ብዙ ሰው አለቀ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ነበረ፣ ማስጠንቀቂያውም ነበረ።

እኔ የምኖረው ጉለሌ ነው። ፓስተር በምንለው ሰፈር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር፣ ምርመራውን የሚመራው ይህ የጎረቤታችን ግቢ ነበር። ከዚያ ወዲያ የተመረመረው፣ የተያዘው፣ የሞተው ቁጥር በየቀኑ ተነገረ። ሰው ሁሉ አመነ አልልም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ ወጣ፤ ቁጥሩን «ያበዙታል» የሚልም፣ «ይቀንሱታል» የሚልም በአንድ ታክሲ ውስጥ ይገኝ ነበር። ቢሆንም ሰው የሚከራከረው በተነገረ ቁጥር ላይ ነው፤ በወሎ ጊዜ የሚከራከሩበት ቁጥር እንኳ አልነበረም።

በልጅነታቸው ከዚያ ረኃብ አምልጠው ከወሎ የመጡ አንዲት ጎረቤት አሉን። በዚያ ሰሞን የማታውን ዜና ሳይሰሙ አያድሩም ነበር። «እትዬ፣ ታምኑታላችሁ ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የሞተውን ከተናገሩማ እሰማቸዋለሁ» አሉኝ። እጃቸውንም እንደ ታዘዘው በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከአልጋቸው ሥር ያለውን የገብስ ጆንያ ግን እስከ ዛሬ ባዶ አድርገውት አያውቁም።