ሁለቱ ለመሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ ለወዳጅ

የባንክ ሠራተኛ ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በጨፋ ሮቢት ስሠራ፣ አንድ ሮብ፣ ከተማዋ በገበያተኛ በተጨናነቀችበት ሰዓት፣ አንዲት እናት ወደ መስኮቴ ቀረቡ። ባለቤታቸው አርፈው የውርሱ ጉዳይ አልቋል፤ ገንዘቡንም ቆጥረው ተቀብለዋል። ግን አልሄዱም። በጣታቸው በፋይሉ ላይ የተለጠፈችውን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ገንዘቡስ ደረሰኝ፤ እሷን ስጠኝ። ቤቴ ውስጥ ሌላ የለኝም» አሉኝ። ከፋይል የሚወጣ ነገር የለም፤ ደንቡ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ጥቂት ቆመው አይተዋት ሄዱ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አውራ ጣት የምታህል ወረቀት ይህን ያህል ክብደት ከየት አገኘች?

ታሪኩ ከሩቅ ይጀምራል። ፈረንሳዊው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ የሆነው የፎቶግራፍ ዘዴው በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አንድ ምስል ብቻ የሚያወጣ ነበር። ቅጂ የለውም፤ የሰጠ ሰው ባዶውን ይቀራል። እንግሊዛዊው ታልቦት ግን በ1841 በስሙ ባስመዘገበው ዘዴ መጀመሪያ ኔጋቲቩን አዘጋጅቶ ከእርሱ ብዙ ቅጂ ማተም እንደሚቻል አሳየ። በ1854 ደግሞ ዲስዴሪ የተባለ የፓሪስ ፎቶ አንሺ በአንድ ሰሌዳ ላይ በርካታ ትንንሽ ምስሎች የሚያነሳበትን ዘዴ አስመዘገበ። የመጠሪያ ካርድ የሚያህሉት እነዚህ ፎቶዎች ርካሽ ስለነበሩ ሰው ለወዳጁ እየሰጠ፣ የወዳጁን እየተቀበለ በአልበም ያኖራቸው ጀመር። ፎቶ ስጦታ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ልማድ ወደ እኛ ወሎ የመጣበት መንገድ ግን መራራ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሱ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ነበሩት። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዚያው ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ዝነኛ ፎቶ አንሺ በዋይት ደሴት አነሳችው። የልዑሉ ትንንሽ ምስሎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። እርሱ ግን አገሩን ዳግመኛ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1879፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። ምስሉ በብዙዎች እጅ ገባ፤ እናቱም አባቱም ግን በሕይወት አልነበሩምና ለእነርሱ ሊሰጣቸው አልቻለም።

በአዲስ አበባ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥቶ የዐፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቤተ መንግሥቱን አገለገሉ። መጀመሪያ ፎቶ የንጉሥና የመኳንንት ነበር። ወደ ተራው ሰው ያወረደው ከምንም በላይ መሥሪያ ቤት ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱ ጉርድ ፎቶ አምጣ አለ፤ መታወቂያ ሰጪው አለ፤ እኔ የምሠራበት ዓይነት ባንክም አለ። ሕዝቡም ትእዛዙን ተቀብሎ የራሱ አደረገው። ኔጋቲቩ አንዴ ከተገኘ፣ ተጨማሪው ቅጂ ጥቂት ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ አራት ይታጠባል፤ ሁለቱ ለመሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ ለወዳጅ።

አጎቴ ከሚሴ ውስጥ ይህን ሥራ ሲሠራ በልጅነቴ አይቻለሁ። መስኮቷ በብርድ ልብስ የተሸፈነች ክፍል፣ አንዲት ቀይ አምፖል። ወረቀቱ ቀይ ብርሃን አይጎዳውም። በኔጋቲቩ በኩል ነጭ ብርሃን ለጥቂት ሰከንድ ያሳልፍና ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ይነክረዋል። መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያ ፊት ብቅ ይላል። በሁለተኛው መድኃኒት ያጸናዋል፤ በንጹሕ ውኃ አጥቦ በገመድ ላይ ይሰቅለዋል። ፎቶ «ማሳጠብ» የምንለው ለዚህ ነው። በገበያ ቀን ሮቢት ወርዶ ያነሳውን ለሚቀጥለው ሮብ ያደርስ ነበር።

ተቀባዩ ጀርባውን ሳያይ አያልፍም። «ለማስታወሻ ይሁንህ»፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል ጽሑፍ፣ ስም፣ ቀን። ፊቱ የመሥሪያ ቤት ነው፤ ጀርባው የፍቅር።

ይህ መሰጣጠት ምን ያህል እንደጠቀመ የገባኝ አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሳይ ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ። ግድግዳው በወጣቶች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሞልቷል፤ ብዙዎቹ ጉርድ ናቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ፍተሻ የፈራ ቤተሰብ መጽሐፍና ወረቀት፣ ፎቶም ሳይቀር ያቃጥል ነበር። ከግድግዳው ፊት ቆሜ፣ ስንቱ ፎቶ በሌላ ሰው እጅ ስለነበረ ተረፈ ብዬ አሰብኩ። ያኔ የጻፍኳት ስንኝ ይህች ናት፦

ሣጥን የቆለፈው፣ በእሳት ተበላ፤
ለወዳጅ የሰጠው፣ ተረፈ ከኋላ።

ወደ እናታችን ልመለስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሮብ፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው መስኮቴ ላይ አኖሩልኝ። ያችው ፎቶ ናት! ባለቤታቸው ያን ጊዜ አራት አሳጥበው ኖሯል፤ አንዷን የሰጡት የገበያ ወዳጃቸው ከቦርከና ማዶ በቁርኣኑ መካከል አቆይቷታል። «በአደራ ነው የሰጠኝ፤ መመለስ አለባት» አሉኝ።

በሞባይሌ አነሳኋትና ከሚሴ ፎቶ ቤት ወስጄ በዚያው መጠን፣ በጥቁርና ነጭ፣ አራት አሳተምኩ። የወዳጃቸው ተመለሰች። አራቱን ለልጆቻቸው ሊያከፋፍሉ ነው። መጻፍ አይችሉምና ጀርባው ላይ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።

«ከእናታችሁ ልበል?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፤ በሱ ስም አድርገው። ፎቶውን የሚሰጠው እሱ አይደል?»

አራቱም ላይ «ለማስታወሻ ይሁናችሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም የሟቹን ስም።