ቀለሙን የሚያውቁት እማማ ናቸው

በአገራችን መልክን በሥዕል ማስቀረት የቆየ ነው። ድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሠሩ ባልና ሚስት ከቅዱሳኑ እግር ሥር ይሣሉ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ። ፎቶ ግን ቀለም አልነበረውም። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመው ሠዓሊዎችን አፈሩ።

እኛም የኮልፌ ቀራንዮ አባላት የአንዲት እናታችን ጥቁርና ነጭ የሰርግ ፎቶ ሊጠፋ ሲል በእጅ ልናሥል አዋጣን። ቀብድ ስንከፍል ሠዓሊው፣ «የካባው ቀለም ምን ነበር?» አለን። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ሚዜዎቹም የሉም። እማማ ግን «ወይን ጠጅ፤ ያውም የጎረቤት ውሰት!» ብለው ሳቁ። ከደረሰኙ ጋር ይህንንም በመዝገባችን ጻፍን። እናንተም እናቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ መልሱን ከፎቶው ጀርባ ጻፉት።